ስብከት ሲያዘጋጁ፦ ቃሉ በማን፣ ለማን፣ መቼ ተነገረ?

ትንሽ ጅማሬ ታላቅ ፍጻሜ እንደሚኖረው የሚናገረውን የኢዮብ 8፥7 ጥቅስ የማያውቅ አማኝ ጥቂት ነው። አዲስ ሱቅ ሲከፈት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በምረቃ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ለሠርግም ይሰበካል። ማን እንደተናገረው ግን ብዙ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ተናጋሪው ሹሐዊው በልዳዶስ ነው። ሰሚው ደግሞ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹን በአንድ ቀን ያጣው ኢዮብ። በልዳዶስ ይህን ከማለቱ ሦስት ቁጥር አስቀድሞ ልጆቹ የሞቱት በበደላቸው ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለአባታቸው ፊት ለፊት ነግሮታል (8፥4)። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር በእርሱና በባልንጀሮቹ ይቆጣል፤ ስለ ራሱ የተናገሩት ትክክል እንዳልነበረም ይነግራቸዋል (42፥7)።

ኢዮብ በኋለኛው ዘመኑ ከፊተኛው ይልቅ መባረኩ እውነት ነው። ያን መስበክ የፈለገ 42፥12ን ይስበክ። የበልዳዶስን ቃል ግን ያለ በልዳዶስ፣ ያለ ኢዮብ ቁስልና ያለ አሥሩ መቃብር መስበክ፣ እግዚአብሔር የነቀፈውን ሰው ንግግር የእግዚአብሔር የተስፋ ቃል አድርጎ ማቅረብ ነው።

ስለ ትርጓሜ ችግር ሲነሣ ብዙ ሰባኪ ቶሎ የሚታየው የዳንኤል አራዊትና የዮሐንስ ራእይ ቀንዶች ናቸው። እነዚያ ከባድ መሆናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ ሰው ተጠንቅቆ ይገባባቸዋል፤ ወይም ጭራሽ አይነካቸውም። ጉዳቱ የሚበዛው ግልጽ ናቸው ብለን በምናልፋቸው፣ በቃላችን በምናውቃቸው ጥቅሶች ላይ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ሥራ ላይ ውሎ እሑድ አትሮኖስ ፊት ለሚቆም ሰባኪ ነው። ለምሳሌነት አንድ ክፍል ይዘን እንሄዳለን፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው ሐሳብ የሰላምና የተስፋ እንደሆነ የሚናገርበትን ኤርምያስ 29፥11ን። በመስከረም «የዓመቱ ጥቅስ» ተብለው በባነር ከሚሰቀሉት አንዱ እርሱ ነውና።

ሰኞ፦ ከጥቅሱ በፊት ክፍሉን

መጽሐፍ ቅዱስዎን ሲከፍቱ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ይርሷቸው። የዛሬውን የምዕራፍ አከፋፈል የሠራው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው እንግሊዛዊው ስቲፈን ላንግተን እንደሆነ ይነገራል፤ ለአዲስ ኪዳን ዛሬ የምናውቃቸውን ቁጥሮች የሰጠው ፈረንሳዊው አታሚ ሮበርት ኤስቲየን እ.ኤ.አ. በ1551 ነው። ኤርምያስም ሆነ ጳውሎስ ቁጥር አልጻፉም። ቁጥር ቦታውን ለማግኘት ይረዳል፤ ሐሳቡ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን አይነግርዎትም።

ስለዚህ ሰኞ ማታ ኤርምያስ 28 እና 29ን አያይዘው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ማብራሪያ መጽሐፍ አይግለጡ፤ ዩቲዩብም ይቆይ። ክፍልዎ ከአጭር መልእክት ከሆነ መልእክቱን በሙሉ በአንድ ቁጭታ ይጨርሱ። ፊልጵስዩስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እንዲህ አድርጎ ያነበበ ሰው 4፥13ን ለፈተና ማለፊያና ለንግድ ትርፍ አያውለውም፤ ጳውሎስ ታስሮ ሳለ መጥገብንም መራብንም እንደለመደ የሚናገረው ከዚያው በፊት ባለው ቁጥር ነውና።

ኤርምያስን ያነበበስ ምን ያገኛል? በምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለ ነቢይ በቤተ መቅደስ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይቆማል። በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር እንደሚሰበር፣ ናቡከደነፆር የወሰደው ንዋየ ቅድሳት እንደሚመለስ፣ የተማረከው ሁሉ ወደ አገሩ እንደሚገባ ያውጃል። ኤርምያስ በአንገቱ ያደረገውን የእንጨት ቀንበርም አውልቆ ይሰብረዋል። ዛሬ ቢሆን አዳራሹ በእልልታ ይናወጥ ነበር። ኤርምያስ ራሱ መጀመሪያ ላይ «አሜን» ይላል፤ እንዲሆንለት እርሱም ይመኛልና። በኋላ ግን የእግዚአብሔር ቃል ይመጣለትና ሐናንያ ሕዝቡን በሐሰት እንዳሳመነ ይነግረዋል። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 29 ደብዳቤ ነው፤ የሚለውም የሐናንያን ተቃራኒ ነው። ምርኮኞቹ እዚያው ባቢሎን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተማረኩበት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዛል። መመለሱ ሰባ ዓመት ሲሞላ ነው። ባነር ላይ የምናየው ቁጥር 11 ከዚህ ከሰባ ዓመት ቃል ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ቁጥር 10ን ቆርጦ ቁጥር 11ን መስበክ የኤርምያስን ቃል በሐናንያ ድምፅ መናገር ይሆናል።

ማክሰኞ፦ የጃንደረባው ጥያቄ

በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስን የጠየቀው ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ነው፤ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? «ለእኔ ምን ይላል» ብሎ አልጀመረም። ያ በኋላ፣ ውኃው አጠገብ ሲደርሱ መጣ። የስብከት ዝግጅትም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሻላል።

በባዶ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ተናጋሪው፣ ሰሚው፣ ቦታው፣ ዘመኑ፣ በመጨረሻም ሰሚው በዚያን ሰዓት አጥብቆ ይመኝ የነበረው ነገር። አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ክፍሉን የሚከፍተው ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

ለያዝነው ክፍል ወረቀቱ እንዲህ ይሞላል። ደብዳቤው የተነሣው ከኢየሩሳሌም ነው፤ ይዘውት የሄዱት ንጉሥ ሴዴቅያስ ወደ ባቢሎን የላካቸው ኤልዓሣና ገማርያ ናቸው። ተቀባዮቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከንጉሥ ኢኮንያን ጋር የተማረኩት ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ ነቢያትና ሕዝቡ ናቸው። መንገዱ የዋዛ አይደለም፤ ዕዝራ በኋለኛው ዘመን ከባቢሎን ተነሥቶ ኢየሩሳሌም ለመድረስ 4 ወር ፈጅቶበታል (ዕዝራ 7፥9)። የሰሚዎቹ ምኞት ደግሞ አንድ ነው፤ ቶሎ ወደ ቤት መግባት።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ይሥሩ። ደብዳቤው ሲነበብ 30 ዓመት የሆነው ሰው «ሰባ ዓመት» ሲባል ሰማ። ያን ጊዜ እኔ መቶ ይሆነኛል ብሎ አሰበ። በታሪክ እንደሆነው ባቢሎን የወደቀችው በ539 ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ሰባውን ዓመት መቁጠር የሚጀምሩት ባቢሎን ከገነነችበት ጊዜ ነውና ለእነዚህ ምርኮኞች ትንሽ አጠረ። እንደዚያም ሆኖ ሰውየው ያን ቀን ለማየት ከ80 ዓመት በላይ መኖር ነበረበት። የተስፋው ቃል እውነተኛ ነበር። የሚፈጸመው ግን በአብዛኛው በልጆቹና በልጅ ልጆቹ ነበር፤ እርሱ የሚቀበረው እዚያው ነው።

ምዕራፉን ሳይታክቱ እስከ መጨረሻው ካነበቡ የሰሚዎቹን ምላሽ ጭምር ያገኛሉ። ሸማያ የሚባል ምርኮኛ ተናዶ ወደ ኢየሩሳሌም ይጽፋል፤ ምርኮው ይረዝማል እያለ ቤት ሥሩ የሚለውን ይህን ኤርምያስ ለምን አላሰራችሁትም ብሎ ካህኑን ይወቅሳል። እኛ በጭብጨባ የምንቀበለው ቁጥር 11 መጀመሪያ የተነበበው ሰው ባስቆጣ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ይህን ያወቀ ሰባኪ ስብከቱ ይለወጥበታል፤ ወደ መልካም ይለወጥለታል ማለት ይሻላል።

ረቡዕ፦ ጽሑፉ ምን ዓይነት ነው?

ሕግ፣ ታሪክ፣ መዝሙር፣ ምሳሌ፣ ትንቢት፣ መልእክትና ራእይ በአንድ ዓይን አይነበቡም። ይህን በሰፊው የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስላሉ እኔ ሰባኪ አዘውትሮ የሚወድቅባቸውን ሁለት ቦታዎች ብቻ ልጥቀስ።

አንዱ መጽሐፈ ምሳሌ ነው። ልጁን በሚገባው መንገድ ያሳደገ ሰው፣ ልጁ ሲሸመግልም ከመንገዱ እንደማይወጣ 22፥6 ይናገራል። ይህ የጠቢብ ሰው ምክር ነው፤ ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ይሆናል ማለቱ ነው። የተፈረመ ውል አይደለም። እንደ ውል አድርገው ሲሰብኩት ሁለተኛው ረድፍ ላይ በጾም በጸሎት ያሳደገችው ልጇ በሱስ የጠፋባት እናት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ከስብከቱ የምትረዳው ጥፋተኛዋ እሷ መሆኗን ነው። ይኸው መጽሐፍ በ26፥4 ለሰነፍ እንዳንመልስለት መክሮ በቁጥር 5 እንድንመልስለት ይመክራል። ጸሐፊው ተምታቶበት አይደለም። የትኛው ምክር ለየትኛው ቀን እንደሚሆን መለየት የአንባቢው ፋንታ ስለሆነ ነው።

ሌላው ታሪክ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የተደረገውን ይጽፋል፤ የጻፈውን ሁሉ ግን አድርጉት አይልም። ጌዴዎን ባዘቶ ዘርግቶ ምልክት የጠየቀው እግዚአብሔር በግልጽ ከነገረው በኋላ ነው (መሳፍንት 6)። የታየው የሰውየው ፍርሃትና የእግዚአብሔር ትዕግሥት ነው። እኛ ግን የትዳር ጓደኛ መምረጫ ዘዴ አድርገን እናስተምረዋለን። የዳዊትና የጎልያድ ስብከትም እንደዚሁ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ራሱን ዳዊት አድርጎ፣ ጎልያድን ደግሞ የመሥሪያ ቤት አለቃው ወይም የዘገየው ቪዛው አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በታሪኩ ውስጥ 40 ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ እየፎከረ ጎልያድ ያስፈራራው አንድ ሠራዊት አለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን የምንመስለው ያን ሠራዊት ነው፤ ድሉም አንድ ሌላ ሰው ስለ እነርሱ ወጥቶ ያመጣላቸው ነበር።

ስለ ራእይ አንድ ነገር ብቻ፦ መጽሐፉ መጀመሪያ የተላከው በእስያ ላሉ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ነው። የሚሰጡት ትርጓሜ ለሰምርኔስና ለጴርጋሞን አማኞች ጭራሽ ትርጉም የማይሰጥ፣ በእኛ ዘመን ዜና ብቻ የሚገባ ከሆነ ይጠራጠሩት።

ሐሙስ፦ አሁን መምህራንን ይጠይቁ

ማብራሪያ መጻሕፍትን እስከ ሐሙስ ያስቆየሁት ስለምንቃቸው አይደለም። በራሱ ዓይን ያላነበበ ሰው የሌላውን ሐሳብ የሚመዝንበት ነገር ስለሌለው ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ጉባኤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ይከፈላል። ተማሪው በተለምዶ ንባቡንና ቅኔውን ሳያልፍ ወደ መጻሕፍቱ አይደርስም። መምህሩ የግዕዙን ንባብ አስነብቦ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው «አንድም» እያለ ሌላውን አፈታት የሚያመጣው። የየትኛውም ቤተ እምነት ሰባኪ ቢሆኑ ከዚህ ሥርዓት የሚወስዱት አለ። ንባብ ከትርጓሜ ይቀድማል፤ ትርጓሜም ከቀደመው ሰው እግር ሥር ተቀምጠው የሚቀበሉት እንጂ ቅዳሜ ማታ የሚፈጥሩት አይደለም። የዛሬ መድረክ ችግር «አንድም»ን ወስዶ ንባቡን መተው ነው።

የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃስ 10) ይመልከቱ። የጥንት አባቶች ምሳሌውን እንዲህ ፈቱት፦ የተደበደበው አዳም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን። ክርስቶስን አዳኝ አድርጎ ማየቱ ከወንጌል ጋር አይጋጭም፤ ብዙ ነፍስም አጽናንቷል። ነገር ግን ሁለቱ ዲናር ምንድን ናቸው? ኦሪጀን ከአንድ አባት ሰምቶ ባስተላለፈው አፈታት አብና ወልድ ናቸው። አውግስጢኖስ ደግሞ ሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት ናቸው ይላል። ሁለቱም ታላላቅ ሊቃውንት ናቸው፤ ከሁለቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከምንባቡ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። ምንባቡ ራሱ የሚናገረው ሌላ ነው። አንድ የሕግ አዋቂ ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ወሰን ሊያበጅ ጠየቀ፤ ኢየሱስ ጥያቄውን ገልብጦ ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው የትኛው ነው አለው። ሰውየው «ሳምራዊው» የሚለውን ቃል እንኳ ማውጣት ከብዶት ምሕረት ያደረገለት ብሎ መለሰ። ሁለት ዲናር የሁለት ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ሳምራዊው ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ለጠላቱ ወገን ያን ያህል ከፈለ። ስብከቱ ከዚህ ይጀምር። የአባቶችን አፈታት መጨመር ከፈለጉ የአባቶች አፈታት መሆኑን ተናግረው ይጨምሩ።

ስለ ትርጉሞች አጭር ምክር። የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስና አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን ያንብቡ። ሁለቱ ሲለያዩ እዚያ ጥናት የሚፈልግ ነገር አለ ማለት ነው፤ ለስብከትዎ የተመቸውን ብቻ መርጠው ሌላውን አይደብቁ። የግርጌ ማስታወሻም ያንብቡ፤ ማርቆስ 16፥9–20 እና ዮሐንስ 7፥53–8፥11 በአንዳንድ ጥንታውያን ቅጂዎች እንደማይገኙ አድማጭዎ ስልኩ ላይ አንብቦ ሊመጣ ይችላልና ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል። መዝሙር ሲጠቅሱ በግዕዙ ዳዊትና በዕብራይስጡ መካከል የቁጥር ልዩነት አለ፤ የእረኛው መዝሙር በአንዱ 22 በሌላው 23 ነው። «በግሪኩ እንዲህ ማለት ነው» የሚለውን አባባል ግሪክ የሚያውቅ ሰው ካላጣራልዎት ይተዉት። አብዛኛውን ጊዜ አድማጩን ማስደነቅ እንጂ ማስረዳት አይችልም።

ዓርብ፦ ከባቢሎን ወደ እሑድ አዳራሽ

እስካሁን ያለው ሥራ ያኔ ምን እንደተባለ ለማወቅ ነበር። ሰባኪ ግን የታሪክ መምህር ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ለተቀመጠው ሕዝብ መናገር አለበት። ብዙ ጥሩ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሰባኪ ዘሎ ይሻገራል፤ ሌላው ስሕተት ፈርቶ ባቢሎን ውስጥ ቀርቶ ሕዝቡን ባዶ እጁን ይሸኛል። ሁለቱም አይበጁም።

ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። በዚህ ክፍል እግዚአብሔር ምን ዓይነት ሆኖ ታየ? እኛ ከመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ጋር በምን እንመሳሰላለን፣ በምንስ እንለያለን? ክርስቶስ ከመጣ በኋላ ይህ ቃል ወዴት ደረሰ?

ለኤርምያስ 29 የመጀመሪያው መልስ ግልጽ ነው፤ እግዚአብሔር በራሱ ፍርድ የማረካቸውን ሰዎች አልረሳም። ሁለተኛው ላይ ጊዜ ይውሰዱ። እኛ በናቡከደነፆር አልተማረክንም፤ የሰባ ዓመት ቀጠሮም አልተሰጠንም። ነገር ግን ጴጥሮስ አማኞችን መጻተኞችና እንግዶች ይላቸዋል (1 ጴጥሮስ 2፥11)፤ እንግድነቱ ለሁላችንም ይደርሳል። ሦስተኛው ላይ፣ ከምርኮ መመለሱ ራሱ የመጨረሻው አልነበረም፤ ነቢያቱ ያዩት ተስፋ በክርስቶስ ወደ ሰፋ መንግሥት ደረሰ፣ ፍጻሜውን ግን እኛም ገና እንጠብቃለን። የአድማጩ ተስፋ እዚህ ላይ የተመሠረተ ይሁን፤ በዚህ ዓመት ይገኛል በተባለ መኪና ላይ አይሁን።

ይህ ክፍል በስደት ላሉ የአማርኛ ጉባኤዎች እንዴት እንደሚሰማ ያስቡ። ዋሽንግተን ያለ አማኝ ሻንጣውን ሳይፈታ ሃያ ዓመት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ ቤት ሥሩ፣ ለከተማዪቱም ጸልዩ የሚለው ቁጥር 5 እና 7 ከቁጥር 11 በላይ የሚነካ ነው። ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ደግሞ በእረፍት ቀኗ ጉባኤ መጥታ «በዚህ ዓመት ወደ አገርሽ ትገቢያለሽ» ተብሎ ቢታወጅላት አሜን ትላለች። ያን የተናገረው ሰው ግን የሠራው የሐናንያን ሥራ ነው። ዓመቱ ሲያልፍ የምትጠራጠረው ሰባኪውን ብቻ አይደለም።

ትርጓሜው ለእርስዎ የሚያተርፍ ሲሆን

ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በየሳምንቱ ሊጠየቅ የሚገባ ነው። የደረሱበት ትርጓሜ ለሰባኪው ገንዘብ፣ ሥልጣን ወይም ከትችት መጠለያ የሚሰጥ ከሆነ እንደገና ከሰኞ ይጀምሩ።

የተቀቡትን አትንኩ የሚለው መዝሙር 105፥15 (በግዕዙ ቁጥር 104) አገልጋይን የጠየቀ ሰው አፍ መዝጊያ ሆኗል። በመዝሙሩ ውስጥ የተቀቡት እነማን ናቸው? ከቁጥር 9 ጀምረው ቢያነቡ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂት፣ በሰው አገር መጻተኞች፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚንከራተቱ። ያስጠነቀቃቸውም ነገሥታቱን ነው። ቃሉ ኃይለኛውን ከደካማው ላይ እጁን እንዲያነሣ የሚያዝ ሆኖ ሳለ እኛ ገልብጠን ለኃይለኛው ጋሻ አደረግነው። ዳዊትም የተቀባውን ሳኦልን አልገደለውም እንጂ ከዋሻው ወጥቶ ፊት ለፊት ወቅሶታል (1 ሳሙኤል 24)። ናታን ደግሞ የተቀባውን ዳዊትን ራሱን ገሥጾታል።

የኋለኛው ቤት ክብር ከፊተኛው እንደሚበልጥ የሚናገረው ሐጌ 2፥9ም ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲውል እንሰማለን። ሐጌ የተናገረው በዳርዮስ ሁለተኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520፣ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ያዩ ሽማግሌዎች አዲሱ በዓይናቸው ከንቱ ሲመስላቸው ነው። ለሕንፃ መዋጮ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋ እንዲህ ሆኗል፣ እርዱን ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይቻላል። ሐጌን ያልተናገረው ነገር ምስክር ማድረግ ግን አያስፈልግም።

ያልገባዎት ክፍል ሲገጥምዎ

ስለ ሙታን የሚጠመቁት እነማን እንደሆኑ (1 ቆሮንቶስ 15፥29)፣ በወኅኒ ላሉት ነፍሳት የተሰበከው ምን እንደሆነ (1 ጴጥሮስ 3፥19) ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሁለት ወይም ሦስት አስተያየቶችን ተናግረው፣ እርስዎ ወደየትኛው እንደሚያዘነብሉና ለምን እንደሆነ ይግለጹ፤ ካላወቁም አላውቅም ይበሉ። ምእመን ይህን ሲሰማ ቅር አይለውም። በተለይ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይጠንቀቁ። የተለያየ ቤተ እምነት ሰው አብሮ ይቀመጣል፤ አንዱ 66 ሌላው 81 መጻሕፍት ይቀበላል፤ ሐዘንተኛውም የኢዮብን ወዳጆች ንግግር ለመስማት አቅም የለውም። እዚያ አከራካሪ ክፍል አይግለጡ፤ አጭር፣ ግልጽ፣ ከሁሉም ጋር የሚያገናኝ ምንባብ ይምረጡ።

ቅዳሜ፦ የመጨረሻው ማጣሪያ

ስብከቱ የሚናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «እግዚአብሔር መፍትሔው በሚዘገይበት ቦታም ሕዝቡን አይረሳም፤ ስለዚህ በዚያው ቦታ እየኖርን፣ እየሠራንና ለጎረቤት እየጸለይን እንጠብቀው።» ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃተዎ ስብከቱ ገና አልተዘጋጀም።

ከዚያ ደብዳቤውን የተሸከመው ኤልዓሣ እሑድ መጨረሻው ወንበር ላይ መጥቶ እንደሚቀመጥ ያስቡ። ያን ሁሉ መንገድ ይዞት የሄደውን መልእክት በስብከትዎ ውስጥ ያውቀዋል? ካላወቀው የትኛው ነጥብ እንዳሳተው ይፈልጉና ያውጡት፤ ያ ነጥብ በጣም የሚወዱትና «አሜን» የሚያስገኝልዎት ቢሆንም።

ስብከቱን ከመድረክ በፊት ለአንድ ሰው ያሰሙ። የሚያሞግስዎትን ወዳጅ ሳይሆን «ይህን ከየት አመጣኸው?» ወይም «ከየት አመጣሽው?» ለማለት የማያፍር ሰው ይምረጡ። በየነጥቡ ቁጥሩን በጣት ማሳየት ይቻል እንደሆነ አብረው ይመልከቱ። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ንግግር እንኳ በየቀኑ ከመጻሕፍት ጋር አመሳክረዋል፤ ሉቃስም አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)።

ከስብከቱ በኋላ የተሳሳተ ነገር መናገርዎን ካወቁ በሚቀጥለው እሑድ፣ ከዚያው አትሮኖስ፣ ምንባቡን ጠቅሰው ያርሙት። ስብከቱ በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ተለቆ ከሆነ እርማቱንም እዚያው ያስቀምጡ። የሰኞውን ንባብ ደግሞ ለሌላ ቀን አያስተላልፉት፤ ከዘለሉት የቀሩት ቀናት ሥራ የሚቆምበት መሠረት የለውም።